ባንኮክ ላይ የተናዘዝኩ ዕለት

ልጄ ማህሌት ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ። ነርስ ናት፤ የምትኖረውም የምትሠራውም ሎንግ ቢች ስለሆነ እኔ ጋ ስትመጣ ሁልጊዜ ትራፊኩን እየረገመች ነው የምትገባው። ያን ቀን ግን ከእረፍት መመለሷ ነበርና ፊቷ ጠይሞ፣ ጥርሷ በርቶ፣ እየሳቀች ገባች። ሁዳዴ ስለሆነ በያይነቱ አዘዝን። ምግቡ እስኪመጣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር።

«እማዬ፣ ባንኮክን ብታዪው! ወንዙ፣ ጀልባው፣ ቴምፕሉ... ሶ ቢዩቲፉል! አንድ ቀን ሙሉ በእግራችን ዞረን ሙቀቱ ሊገድለን ነበር።»

እኔ ፎቶውን አላየሁም። ስልኩን የያዘው እጇ ላይ፣ አንጓዋ አካባቢ፣ ቀጭን ነጭ ክር ታስሮ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ይሄ? አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ብሌስ አድርገው ነው የሰጡኝ። እስኪበጠስ...»

«ራሱ እስኪበጠስ ድረስ አይፈታም» ብዬ ጨረስኩላት።

«እንዴት አወቅሽ?» አለችና ስልኩን አስቀመጠችው።

እንዴት አወቅኩ! ሰላሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ሰው ለልጁ የማይነግረው ነገር አለ፤ አንዳንዱን ስለማይጠቅም ይተወዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ስለሚፈራ። የእኔ ሁለተኛው ነበር። ያን ቀን ግን ክሯ እጇ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ መሸሻ አጣሁ። «ምሳው ይቅረብና እነግርሻለሁ» አልኳት። ምሳው ቀረበ፣ እኔም ነገርኳት፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ግርማን የማውቀው በደብዳቤና በሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ የአክስቴ ባል ዘመድ በመሆኑ ሽማግሌ መሃል ገብቶ አገናኘን። አንድ ዓመት ያህል ተጻጻፍን። ደብዳቤው ቀልድ አያጣም። አንዴ «እዚህ አገር ውሻ ካፖርት ለብሶ ሲሄድ አይቼ መኪና አቁሜ አሳለፍኩት፤ ሹም መስሎኝ» ብሎ ጽፎልኝ ብቻዬን ስስቅ እናቴ ታመምሽ እንዴ ብላ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደድኩት። ችግሩም የመጣው ከመውደዴ ነው፤ ባልወደው ኖሮ ሁሉንም ነገር በነገርኩት ነበር።

ያልጻፍኩለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችኝ። አባቷ ገና እርጉዝ ሳለሁ ጥሎኝ የሄደ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። እናቴም አክስቴም የመከሩኝ አንድ ምክር ነው፦ «መጀመሪያ ግቢ። ሰው ቤቱ ከለመደሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ትነግሪዋለሽ።» ግርማ የላከው የቪዛ ፎርም ላይ ስለ ልጆች የሚጠይቅ መስመር ነበረ። ብዕሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ «ኖ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት የፈረንጅ ፊደል ናት፤ እጄ ግን እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ከቤት የወጣሁ ለት ማህሌት ተኝታ ነበር። እናቴ «አትቀስቅሻት፣ ታለቅሳለች» አለችኝ፤ እኔም አልቀሰቀስኳትም።

ግርማ ትኬቱን በርካሽ ያገኘው በባንኮክ በኩል ስለነበር ወደ ምዕራብ ለመሄድ ወደ ምሥራቅ ተሳፈርኩ። ዛሬ ለሰው ስናገረው ያስቃል። ባንኮክ በጠዋት ደረስን፤ የሚቀጥለው አውሮፕላን የሚነሳው ማታ ነው። አየር ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ቦርሳዬን አቅፌ ቀኑን ሙሉ ለመቀመጥ ቆርጬ ሳለ፣ አንዲት የኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ትንሽ ባንዲራ ይዛ እየዞረች ትራንዚት የሆንነውን ሁሉ ሰበሰበችን። በነፃ ከተማ አሳይተው በሰዓቱ የሚመልሱ ናቸው። ስሟ ኖይ ነው። እኔ አልሄድም ብል «ኖ ሲት፣ ኖ ሲት፣ ካም!» ብላ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። ሁለታችን የምናውቃት እንግሊዝኛ ብትደመር የአንድ ሰው አትሞላም ነበር፤ ግን ቀኑን ሙሉ ተግባባንባት።

ከበሩ ስንወጣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ተከናነበኝ። ሚያዝያ ነበር፤ እዚያ አገር ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ነው። አውቶብሷ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ዛሬ እኛ ባጃጅ የምንላትን ባለ ሦስት እግር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ሹፌሮቹ በባዶ እግራቸው ይነዳሉ፣ በየማዕዘኑ የአበባ ጉንጉን ይሸጣል፣ መንገድ ዳር በትልልቅ መጥበሻ ምግብ ይጠበሳል። አንድ መብራት ላይ ስንቆም ከመጥበሻው የመጣው ሽታ አስደነገጠኝ፤ በሶብላ ነው! ከበሶብላው ቀጥሎ ደግሞ ጠጅ ሳር ሸተተኝ። የእናቴ ጓዳ እዚህ ማን አመጣው ብዬ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጾም ስለሆነ ምንም አልቀመስኩም፤ ከአዲስ አበባ ከተነሳሁ ጀምሮ ከውሃና ከዳቦ በስተቀር ሆዴ የገባ ነገር አልነበረም።

በጀልባ ወንዙን ተሻገርን። ከዚያ የነገሥታቱን ግቢ አየን፤ ጣሪያው ወርቅ ነው፣ ዓይን አያሳርፍም። በሩ ላይ ትከሻቸው ለተገለጠ ፈረንጆች መሸፈኛ ጨርቅ ይሰጣቸዋል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ስገባ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አሳለፈኝ። ከዚያ ወደ ቤተ መቅደሳቸው ስንደርስ ፈረንጆቹ የጫማቸውን ማሰሪያ ሲፈቱ እየተንገዳገዱ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ እኔ ማንም ሳይነግረኝ ጫማዬን አውልቄ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ ቆሜያለሁ። ኖይ በጣም ተገረመች።

«ዩ ቡድሂስት?» አለችኝ።

«ኖ ኖ» ብዬ አንገቴ ላይ ያለውን ማተቤን አሳየኋት። ክሩን በጣቷ ነካ አድርጋ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ልቤ ኩራት ቢጤ ተሰምቶት ነበር። ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሃል ደንብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ።

ኩራቴ ሩብ ሰዓት አልቆየም። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ዛፍ ያለበት ትንሽ ግቢ አለ። በዚያ በኩል አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በባዶ እግራቸው ቀስ እያሉ ይመጣሉ። የለበሱት ቢጫ ነው። የእኛም መነኮሳት ቢጫ ይለብሳሉ። የሌላ አገርና የሌላ ሃይማኖት ሰው መሆናቸውን ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እግሬ ግን ጭንቅላቴን አልጠየቀውም። ከእናቴ ጋር ገዳም የሄድኩ ይመስል ሮጬ ተንበረከክኩና «አባ፣ ይፍቱኝ!» ብዬ እጃቸውን ልስም ያዝ ሳደርግ፣ ሽማግሌው እንደ ወጣት ወደ ኋላ ዘለሉ። በአካባቢው የነበሩ ሴቶች ጮኹ። ኖይ ከሩቅ «ኖ! ኖ!» እያለች ትሮጣለች።

እንደ እኔ ያደገ ሰው ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ይገባዋል። የበቁ አባት የሰውን ኃጢአት ከግንባሩ ላይ ያነባሉ ስንባል ነው ያደግነው። መንደራችን ውስጥ አንዲት ሴት መስቀል ልትሳለም ስትቀርብ ባሕታዊው ፊታቸውን አዞሩባት ተብሎ ዓመት ሙሉ ተወርቷል። ስለዚህ ሽማግሌው ሲሸሹኝ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የታየኝ፦ አነበቡኝ። «ኖ» ያልኩባትን ልጄን ግንባሬ ላይ አይተዋታል።

በጉልበቴ እንዳለሁ እንባዬ መጣ። ከእንባው ጋር ቃሉም መጣ፤ በአማርኛ፣ ሳልሰስት።

«ልጅ አለችኝ አባ። ማህሌት ትባላለች። ልጅ የለኝም ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ተኝታ ሳለች ጥያት ወጣሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ደግ ሰው ነው፤ እሱንም ዋሸሁት። ቢያውቅ እንዳይተወኝ ፈርቼ ነው። አሁን ከሁለቱም መሃል ሆኜ እዚህ ቀረሁ።»

ሽማግሌው አልሄዱም። ራቅ ብለው የዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስክጨርስ ሰሙኝ። አንድም ቃል እንዳልገባቸው አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እናቴም ብትሆን ይህን ነገር ስጀምር «ዝም በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» እያለች ታቋርጠኝ ነበር።

ኖይ ደርሳ አጠገቤ ተንበረከከች። እያለከለከች፣ በእጇም በአፏም እየታገለች አስረዳችኝ። መነኩሴ ሴት አይነካም። እኔ ስለሆንኩ አይደለም። የገዛ እናታቸውም ብትሆን አትነካቸውም፤ ደንባቸው ነው።

ነገሩ ሲገባኝ መሬት ዋጪኝ አልኩ። ለካ ግንባሬ ላይ ምንም አልተጻፈም! ማንም አላነበበኝም። አንድ ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን ነገር፣ ለአንድ ደንብ አክባሪ ሽማግሌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ራሴ ዘርግፌው ቁጭ ብያለሁ።

ሽማግሌው ለኖይ አንድ ነገር አሏት። እኔም በእንባ የራሰ ፊቴን ቀና አድርጌ ጠበቅኩ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው አፍ ትልቅ ቃል ነው የሚጠበቀው።

«በልታለች ወይ ነው የሚሉት» አለችኝ ኖይ።

ሳቄ ከልቅሶዬ ጋር ተቀላቀለ። አልበላሁም አልኩ፤ ከትናንት ጀምሮ ከዳቦ በቀር የቀመስኩት የለም። ሽማግሌው ከጎናቸው ካለች ከረጢት ነጭ ክር አውጥተው፣ በከንፈራቸው የሆነ ነገር እያሉ ጥቂት ያዙትና ለኖይ ሰጧት። እኔን መንካት ስለማይችሉ ኖይ ናት እጄ ላይ ያሰረችልኝ። ራሱ እስኪበጠስ አይፈታም አለችኝ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ የእሳቸው ክር እጄ ላይ ነው። ይሄ ኃጢአት ይሆን ብዬ ትንሽ ፈራሁ፤ ግን በዚያች ሰዓት የተሰጠኝን መመለስ አልቻልኩም።

ኖይ ሌሎቹን ገጸ በረከት መግዣ ሱቅ አስገብታ እኔን ጥግ ላይ ወዳለች ባለ ጋሪ ሴትዮ ወሰደችኝ። የሚያጣብቅ ነጭ ሩዝ፣ ጎኑ ላይ የበሰለ ማንጎ ተቆርጦ ተደርጓል። ሴትዮዋ ከላይ ወተት ልታፈስበት ስትል እጇን ያዝኳት። ወተት በሁዳዴ! ምን እንደሆንኩ ግራ ገባቸው። ማተቤን አሳየሁ፣ ላም የመሰለ ድምፅ አወጣሁ፣ እጄን አወናጨፍኩ። ሴትዮዋ እየሳቀች ከጋሪው ሥር የተሰነጠቀ ኮኮናት አውጥታ ሥጋውን ፈቅፍቃ በጨርቅ ጨምቃ አሳየችኝ። ወተቱ ከፍሬ ነው። የጾም ወተት! አፈሰሰችልኝ፣ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ግን አላስታውስም።

ስጨርስ ኖይ «ዋይ ክራይ?» አለችኝ። ባለችኝ እንግሊዝኛ ነገርኳት። ልጅ አለችኝ፣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የማገባው ሰው አያውቅም። ትመክረኛለች ወይም ታዝንልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና «ሂ ሃቭ ቴሌፎን?» አለችኝ።

አለው እንጂ። ቁጥሩ ፓስፖርቴ ውስጥ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ መላው ጠፍቶኝ የተብሰለሰልኩበት ነገር በሦስት ቃል አለቀ።

አየር ማረፊያው ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ እየነጋ ነው። ሌሎቹን ስታሰናብት ኖይ እኔን ስልኩ ድረስ ወስዳ፣ ተቀባዩ በሚከፍልበት መንገድ አስደወለችልኝና ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። ግርማ ለሥራ ሊወጣ ሲል ነው ያገኘሁት።

«ሄሎ? አንቺ ነሽ? ምን ሆንሽ፣ አውሮፕላኑ አመለጠሽ?»

«ግርማ፣ ልጅ አለችኝ።»

ካቆምኩ እንደማልጀምር ስለማውቅ ቀጠልኩ።

«ሦስት ዓመቷ ነው። እናቴ ጋ ናት። ፎርሙም ላይ የለኝም ብዬ ነው የጻፍኩት። ሳልሳፈር እንድታውቅ ብዬ ነው የደወልኩት። ተመለሺ ካልከኝ ከዚሁ እመለሳለሁ።»

የመስመሩ ሹሹታ ብቻ ይሰማል። ዘጋው ብዬ ነበር።

«ስሟ ማነው?» አለኝ።

«ማህሌት።»

«ማህሌት» አለ፤ ለራሱ የሚደግመው ይመስል ነበር። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ስሚኝ። ተናድጃለሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። ይሄ ደግሞ በስልክ የሚጨረስ አይደለም። ነይና እዚሁ እንጣላ።»

ከኖይ ጋር ስንለያይ አቀፍኳት። አድራሻ አልተለዋወጥንም፤ የሁለታችንም ዓይን እንባ ሞልቶት ነገሩ ትዝ አላለንም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግርማ ቃሉን ጠበቀ። አየር ማረፊያ መጥቶ ሻንጣዬን ተሸከመ፣ እጄ ላይ ያለውን ክር አየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ፓልምስ የሚባለው ሰፈር ድረስ ነዳ። እዚያ አክስቱ እትዬ ዘነበች ጋ አስቀመጠኝና ሄደ። ፋሲካ መጣ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርጋችን ሊሆን የታሰበው እሑድም አለፈ። እኔ የእትዬ ዘነበችን ሳህን እያጠብኩ መመለሻዬን አስብ ጀመር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ወረቀት ይዟል። ሳይቀመጥ «ጠበቃ አነጋግሬያለሁ» አለኝ። «ያበላሸነው ነገር ቀላል አይደለም። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ግን እውነቱን ጽፈን እንጀምር።» እኔ ብቻዬን ያበላሸሁትን እሱ ያበላሸነው አለ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ሰጠኝ። «የለኝም ያለው እጅሽ ራሱ ስሟን ይጻፈው» አለ። ጻፍኩ። ፊደሉ ተንጋዷል።

ተጋባን፤ የማህሌት ወረቀት ግን ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀ። እኔ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠብኩ፣ እሱ ታክሲ እየነዳ፣ በየእሑዱ ወደ አዲስ አበባ እንደውላለን። ስልኩን መጀመሪያ የሚይዘው እሱ ነው፤ የውሻውን ካፖርት ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስደገመችው አላውቅም። በመጨረሻ መጥታ ከአየር ማረፊያው በር ስትወጣ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ሳለሁ፣ አልፋኝ ወደ እሱ ሮጠች። አልዋሽም፣ ቀንቻለሁ። ግን የዘራውን ነው ያጨደው፤ እኔም የዘራሁትን።

ክሩን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። «አባ፣ ለሌላ ሃይማኖት መነኩሴ ተንበርክኬ ኃጢአቴን ተናገርኩ፤ ጸሎት ያረፈበት ክርም ሰጥተውኝ አስሬያለሁ» ስላቸው ትንሽ ፈገግ አሉና «ለማይሰማሽ ተናግረሽ ለመድሽ፤ አሁን ለሚሰማሽ ተናገሪ» አሉኝ።

ግርማ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ ለማህሌት አንድም ቀን፣ በቁጣም በቀልድም፣ ይህን ነገር አላነሳላትም። «ወረቀቱ ዘገየ» ብለን ነው ያሳደግናት። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ታሪኩን ስጨርስ የምፈራው ነገር ከፊቴ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

«ሶ» አለች ማህሌት፣ ክሯን በጣቷ እያዞረች። «ሦስት ዓመት ተኩሉ በዛ ምክንያት ነው?»

«አዎ።»

«አያቴ ቤት አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እየወጣሁ እማዬ መጣች እል ነበር። ወረቀት ዘገየ ነበር ያላችሁኝ እኮ።»

«ዘግይቷል። ያዘገየሁት ግን እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

በእኛ ባህል ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቁ አልተለመደም። ቃሉ ሲወጣ ለአፌ እንግዳ ሆነበት። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የፌርፋክስን መንገድ ለረጅም ጊዜ አየች። እኔም በልቤ የለመድኩትን አደረግኩ። በየሁዳዴው ለጸሎት የሰዎቼን ስም ስጠራ፣ ከግርማ ቀጥዬ ኖይን፣ ከኖይ ቀጥዬ «ስማቸውን የማላውቀው፣ ቋንቋዬንም የማያውቁት ሽማግሌ» እላለሁ። እሳቸው ምን እንዳደረጉልኝ ሳያውቁ ኖረው ሳያውቁ አርፈው ይሆናል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁም።

ማህሌት ዓይኗን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። የቀዘቀዘውን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ አነሳች።

«እማዬ፣ አይ አም ማድ፣ ኦኬ? በጣም ነው የተናደድኩት። ዛሬ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ እቤትሽ መጥቼ በደንብ እንጣላበታለን። አሁን ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበላሽም፤ እንቺ፣ ብዪ።»

አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። የግርማ ደም የለባትም፤ ቁጣዋ ግን የእሱ ነው።